ማረሻን በካርባይድ ማጠንከር፦ ለማስተርስ ጥናት ያዋጣል?

የጮቄዋ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። በማቴሪያል ኢንጂነሪንግ ማስተርሴን እየሠራሁ ነው። የመመረቂያ ርዕስ ማስገቢያው ደርሶብኛል። ያሰብኩት የማረሻ ጫፍ ላይ ካርባይድ (ካርቦን ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር ተዋህዶ የሚሆነው ጠንካራ ቁስ) ያለበት ሽፋን ማድረግ ነው። ያደግኩት ስናን ነው፤ በግመሳ ወቅት ማረሻ እንዴት እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ጤፍ ደግሞ አራት አምስት ጊዜ ካልታረሰለት እሺ አይልም። ብረቱም በዚያው ልክ ይበላል።

ስሌቴ ይሄ ነው። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በቪከርስ የጥንካሬ መለኪያ ከ1,000 በላይ ነው። ተራ ለስላሳ ብረት 150 ገደማ። ማረሻ የሚቀጠቀጥበት የመኪና ባሌስትራ ቀልቶ በደንብ ውሃ ከጠጣ 600 ይደርሳል። ክሮሚየም ካርባይድ ግን ከ1,300 ይጀምራል። ታንግስተን ካርባይድ ከ2,000 ያልፋል። ቲታኒየም ካርባይድ 3,000 ይጠጋል። ጫፉ ላይ ከአሸዋው የሚጠነክር ነገር ካለ፣ አሸዋው ሊቧጭረው አይችልም ማለት ነው። የትኛውን ልምረጥ? በምን ልለጥፈው? በያጆች፣ ቶርኖ ቤት ያላችሁ፣ ቀጥቃጮች፣ እስኪ ተናገሩ።

ሻይ ቤት

ትራክተር ግዙና ተገላገሉ 😀

ሞፈርና ቀንበር (ደጀን)

@ሻይ ቤት ወንድሜ፣ ሩብ ሄክታር ተዳፋት ላይ ትራክተር ይዘህ ና፤ እኔ ቆሜ አጨበጭብልሃለሁ። ደግሞ የትራክተር ማረሻም ይበላል።

ቶርኖ ቤት (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ ርዕሱ ደስ ይላል። ታንግስተን ካርባይድን ግን ከአሁኑ ተይው። እኛ በየቀኑ የምንሠራበት ነው። የቶርኖ ኢንሰርት (ብረት የሚልጠው ጫፍ) ንጹሕ ካርባይድ አይደለም። የካርባይድ ዱቄት ከኮባልት ዱቄት ጋር ተደባልቆ፣ ተጨምቆ፣ 1,400 ዲግሪ አካባቢ የሚጋገር ነው። ኮባልቱ ፈሳሽ ይሆንና ጥራጥሬውን አንድ ላይ ይይዘዋል። ሲጋገር በየጎኑ ወደ 20 ከመቶ ስለሚሸማቀቅ፣ ቅርጹ ከመጀመሪያው ተለቅ ተደርጎ ነው የሚጨመቀው። ይሄ በወናፍና በከሰል የሚሞከር ነገር አይደለም።

ይሁን፣ ተሠርቶ ገዛሽው እንበል። አንዱን ኢንሰርት ሲሚንቶ ወለል ላይ ጣይውና ጫፉን እዪው። ይሸረፋል። ቁልፍ ማስገቢያ የተቀረጸበት ዘንግ ስንልጥ እንኳ፣ ጫፉ በየዙሩ ጠርዙን ሲመታ ቶሎ ይረግፋል። እርሻ ላይ ደግሞ ድንጋይ አለ። በሬ ድንጋይ ሲያገኝ ቀስ ይላል እንዴ?

ጥልቅ ጉድጓድ (ፍኖተ ሰላም)

ቶርኖ ቤት፣ ይሄን እንኳ አልቀበልህም። እኛ የውሃ ጉድጓድ የምንቆፍረው በዚሁ ታንግስተን ካርባይድ ነው። የመዶሻው ቢት (መቆፈሪያ ራሱ) ፊት ላይ ያሉት ድብልብል ጥርሶች በሙሉ እሱ ናቸው። ባዛልት ላይ በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይመታሉ። ቶሎ ቢሰበሩማ ሥራ ባልኖረን።

ልዩነቱ ኮባልቱና የጥራጥሬው መጠን ላይ ነው። የአንተ ኢንሰርት ጥራጥሬው ደቃቅ ነው፤ አንድ ማይክሮን አካባቢ። የቁፋሮው ሻካራ ነው። ኮባልት ሲጨመር ጥንካሬው ይወርዳል፤ መሰበርን መቋቋሙ ይወጣል። ሁለቱን አንድ ላይ አታገኝም። የካርባይድ ምርምር እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ የሚታገለው ከዚሁ ጋር ነው። ያኔ ካርል ሽሮተር በጀርመን ኦስራም ሲሠራ ካርባይድን ከኮባልት ጋር አጋግሮ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የፈለጉት የአምፖል ሽቦ ማቅጠኛ ነበር፤ አልማዙ ውድ ሆኖባቸው። በኋላ ክሩፕ ቪዲያ ብሎ ገበያ አወጣው።

ሌላው አቀማመጡ ነው። ጥርሱ ብረት ውስጥ ተቀብሮ አናቱ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። ካርባይድ ተጨመቅ ቢሉት ይችላል፤ ታጠፍ ቢሉት ይሰበራል። ማረሻ ጫፍ ላይ የለጠፍሽው ቁራጭ የሚታጠፍ ነው። ስለዚህ ምክንያቱን አልተቀበልኩም እንጂ መደምደሚያው ላይ ከቶርኖ ቤት ጋር ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የጮቄዋ፣ ኳርትዙን ከየት አመጣሽው? የጎጃም ደጋ እኮ ባዛልት ነው። ባዛልት ውስጥ ኳርትዝ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያለው ፌልድስፓርና ፓይሮክሲን የሚባሉ ማዕድናት ነው። ሁለቱም በሞህስ መለኪያ 6 አካባቢ ናቸው፤ ኳርትዝ 7 ነው። በአንቺ ቪከርስ ቢቆጠሩ ከ600 እስከ 800 ግድም ይሆናሉ። አሸዋ ድንጋይ የምታገኚው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርጂ ነው፤ እዚያ ደግሞ ብዙ አራሽ የለም። ነፋስ ያመጣው ኳርትዝ አይኖርም አልልሽም። አፈሩን ማዕድኑን በሚለየው በኤክስሬይ ዲፍራክሽን አስመርምሪ። ብረቱን የሚበላው ማን እንደሆነ ሳታውቂ ጋሻ አትምረጪ።

የጮቄዋ

ጋሼ ጥልቅ ጉድጓድ፣ ይሄ እኮ ስሌቱን ከሥሩ ነው የሚነቅለው! በመቧጨር ጥናት ላይ አንድ የታወቀ ነገር አለ። ቅንጣቱ ከብረቱ በ1.2 እጥፍ ገደማ በላይ ከጠነከረ ብረቱ በፍጥነት ይበላል። ልዩነቱ ከዚያ ሲያንስ መበላቱ ቀስ ብሎ አይደለም የሚቀንሰው፤ ቁልቁል ይወርዳል። ኳርትዝ ከሆነ 150 የሆነውም 600 የሆነውም ብረት ተሸናፊ ነው። ፌልድስፓር ከሆነ ግን 600 የደረሰው ባሌስትራ ልክ ድንበሩ ላይ ነው። ትንሽ ቢጨመርለት ይሻገራል።

ታዲያ እኔ ሰማይ ቤት ያለ ካርባይድ የምፈልገው ለምንድን ነው?

በያጁ (ቡሬ)

ቸኮልሽ። ሰማይ ቤት ያልሆነ ካርባይድ አለ። እኛ የክሬሸር መንጋጋና የኤክስካቫተር ጥርስ ሲያልቅ የምንሞላበት ኤሌክትሮድ በክሮሚየም ካርባይድ የሚሠራ ነው። ክሮሚየሙ 30 ከመቶ ገደማ፣ ካርቦኑ ከ3 እስከ 5 ከመቶ ነው። ሲቀዘቅዝ ካርባይዱ እዚያው ብየዳው ውስጥ በመርፌ መርፌ ይበቅላል። በተራ የብየዳ ማሽን ይሠራል።

ግን እወቂው። ብየዳው ሲቀዘቅዝ በአግድም ጭረት ጭረት ይላል፤ ጧ ጧ ሲል ትሰሚዋለሽ። ለማያውቅ ሰው ተበላሸ ያስብላል። የተለመደ ነው፤ ውጥረቱን የሚያራግፈው በዚያ ነው። የሚያሰጋው ጭረቱ ወደ ባሌስትራው ከወረደ ነው። ባሌስትራ ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ፣ ከመበየድሽ በፊት ወደ 250 ዲግሪ አሙቂው። ካላሞቅሽው ከብየዳው ሥር መስታወት የመሰለ ስስ ንጣፍ ይፈጠርና፣ አንድ ቀን ሽፋኑ ከነቆዳው ተገንጥሎ ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ አንድ ድርብ ብቻ ከበየድሽ የሥሩ ብረት ቀልጦ ይቀላቀልና ካርባይዱ ይሳሳል። ሁለት ድርብ ብታደርጊ ደግሞ የማረሻው ጫፍ እንደ ዱላ ይደነብሻል። ክሬሸር ላይ ውፍረት ችግር የለውም። ማረሻ ላይ ግን፣ ሞፈርና ቀንበር ይንገርሽ።

ሞፈርና ቀንበር

እነግራታለሁ። ገበሬ ማረሻ አለቀብኝ ብሎ ከማማረሩ በፊት ደነዘዘብኝ ብሎ ነው የሚያማርረው። የደነዘዘ ማረሻ አፈር አይዝም፤ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ያኔ አራሹ እርፉ ላይ ይጫናል፣ በሬው ይለፋል፣ ጥልቀቱ ግን ያው የጣት ነው። ስለዚህ አስር ዓመት የሚቆይ ደነዝ ማረሻ ብትሰጪው ወስዶ አጥር ሥር ነው የሚጥልልሽ።

ሌላም አለ። ዋልካው ላይና ቀዩ አፈር ላይ የሚበላው አንድ ዓይነት አይደለም። ዋልካ እርጥብ ሲሆን ይጣበቃል፤ ብረቱ ላይ ተለጥፎ አፈር በአፈር ላይ ይሄዳል። ጭንጫ ያለበት ቀይ አፈር ላይ ነው ጫፉ የሚያልቀው። አንድ ቦታ ለክተሽ ጎጃም እንዲህ ነው ብለሽ እንዳትጽፊ።

የቀጥቃጭ ልጅ (ቢቸና)

ክሩን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሁሉም ስለ ጫፉ ያወራል። ጫፉን በየወቅቱ ማን እንደሚያሾለው የጠየቀ የለም።

ማረሻ ሲደነዝዝ እኛ ጋ ይመጣል። እሳት ገብቶ ሲቀላ በጉጠት ተይዞ መስፍ ላይ ይወጣል፤ ተመትቶ ይሳባል፣ ይሾላል። የቀረው ብረት እስኪያጥር ድረስ ደጋግሞ ይመጣል። አሁን የበያጁን ሽፋን ይዘሽ አባቴ ጋ ነይ። መዶሻ ሥር ሲገባ ምን ይሆናል? እንደ ገል ይፈረካከሳል። ስለዚህ ያንቺ ማረሻ አንዴ ከደነዘዘ የሚያድሰው የለም። ከከተማ ኤሌክትሮድ፣ ከመስመር መብራት፣ ከበያጅ እጅ ውጭ አይሆንም። አሁን ግን ገበሬው ሥራውን እዚያው ሰፈሩ ያሠራል፤ አንዳንዱ በእህል ይከፍላል።

ስለ ማጠንከሩ ደግሞ፣ አባቴ ቁጥር አያውቅም፤ ቀለም ያውቃል። የሾለውን ጫፍ ብቻ ውሃ ያስነካዋል። ያወጣና አመዱን በድንጋይ ፈተግ ያደርገዋል። ከኋላ ያለው ሙቀት ወደ ጫፉ ሲመጣ የተፈተገው ቦታ መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይይዛል። ትንሽ ከዘገየ ቡናማ ይሆናል፤ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ። ገለባው ላይ እያለ ሙሉውን ይነክረዋል። ሐምራዊ ከደረሰ ለስልሷል ብሎ እንደገና እሳት ያስገባዋል። ሁሉም ቀጥቃጭ እንዲህ አያደርግም። የሚያደርገውና የማያደርገው ማረሻ እኩል አይቆይም፤ ገበሬውም ለይቶ ነው የሚመጣው።

በነገራችን ላይ ይሄን የሚሠራውን ሰው ቡዳ እያለ ከማረሻው ጋር ብቻ የሚስማማ ጎረቤት ዛሬም አለ። ጥናታችሁ ውስጥ ይሄም ይግባ።

መምህር ዘሞጣ (ሞጣ)

የቀጥቃጭ ልጅ፣ አባትህ የሚያነቡት ቀለም ብረቱ ላይ የሚበቅል የኦክሳይድ ንጣፍ ነው። ንጣፉ ሲወፍር ቀለሙ ይለወጣል። ገለባው 220 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሰማያዊው ወደ 300። ያለ ቴርሞሜትር ነው የሚለኩት።

ለየጮቄዋ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ካርባይድ ፍለጋ ሩቅ አትሂጂ። ባሌስትራው ውስጥ ካርባይድ አለ። 0.6 ከመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ብረት ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ፣ ካርቦኑ ሲሜንታይት የሚባል የብረት ካርባይድ ይሆናል። ሦስት የብረት አቶም፣ አንድ የካርቦን። በማይክሮስኮፕ ስታዪው ከለስላሳው ብረት ጋር እየተፈራረቀ በስስ ንጣፍ ተደርድሯል። ሲሜንታይቱ ብቻውን በቪከርስ ወደ 1,000 ይጠጋል፤ ግን ለስላሳው ስለሚበዛ አማካዩ ዝቅ ይላል። ሲቀላና ድንገት ሲነከር ካርቦኑ ካርባይድ የመሆኛ ጊዜ ያጣል፤ እዚያው ታጭቆ ማርቴንሳይት ይሆናል። ለማረሻው ጥንካሬ የሚሰጠው እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ፌሮ ለሚጠቀም ቀጥቃጭ ካርቦን ማስገባት ይቻላል። የላሜራ ሣጥን ውስጥ የተፈጨ ከሰል ከትንሽ ሶዲየም ካርቦኔት ጋር ይሞላል፤ ጫፉ መሐሉ ይቀበራል፤ ሣጥኑ በጭቃ ይታሸጋል። 925 ዲግሪ ላይ ለአራት ሰዓት ያህል ሲቆይ ካርቦኑ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ይገባል። የፋግታ ለኮማ የዲከረንስ (ለከሰል የሚተከል የግራር ዓይነት) ከሰል አለ። መጻሕፍት ባሪየም ካርቦኔት ይላሉ፤ እሱ መርዝ ነውና ይቅርብሽ። ባሌስትራ ላይ ግን ትርፉ ትንሽ ነው፤ ካርቦኑ ቀድሞውኑ አለው።

ታንግስተን ካርባይዱን ቶርኖ ቤት ስለ ስብራቱ ብቻ ነው የነቀፈው። እሳቱም አይስማማውም። አየር ባለበት 600 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መቃጠል ይጀምራል፤ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ቀጥቃጭ ቤት ደግሞ የሚቀላው ከዚያ በላይ ነው። በሙቀት ሲሰፋም ከብረት ግማሽ ያህሉን ነው የሚሰፋው፤ ሲቀዘቅዝ መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል።

ኬሚስቱ (እንጅባራ)

ሲሊከን ካርባይድን ማንም አላነሳም። የፎገራ የሩዝ ቅርፊት ሲሊካ (የአሸዋ ንጥረ ነገር) አለው። ቅርፊቱን አክስሎ ካርቦኑንና ሲሊካውን አብሮ ማሞቅ ነው፤ ሲሊከን ካርባይድ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በውጭ ተሠርቷል። አሜሪካዊው አቼሰን እ.ኤ.አ. በ1891 ሲያገኘውም በሸክላ አፈርና በኮክ (ከድንጋይ ከሰል የሚገኝ ካርቦን) ዱቄት ነው የሠራው። ሐይቁን ተሻግረን ጥሬ ዕቃ አለን ማለት ነው። የመሞረጃ ድንጋይ ይሆናል፤ ለኤሌክትሪክ መኪናዎች ኢንቨርተርም የሚፈለግ ነው።

መምህር ዘሞጣ

እውነት ነው፤ ግን 1,500 ዲግሪ ገደማ፣ አየር የማይገባበት ምድጃ ይፈልጋል። የሚወጣው ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ይገድላል። ለኢንቨርተር የሚሆነው ደግሞ ነጠላ ክሪስታል ነው፤ ከዱቄቱ እስከዚያ ገና ሩቅ መንገድ አለ። የመሞረጃው ሐሳብ ግን ጥሩ ነው፤ የራሱ ክር ክፈትለት።

ቶርኖ ቤት

ለበያጁም ለጥልቅ ጉድጓድም፣ ስለ አቧራው ማንም አልተናገረም። ታንግስተን ካርባይድ ሲሞረድ የሚበነው ብናኝ ኮባልት አለበት። ሳንባን ጠባሳ አስይዞ ያደርቃል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚላቸው ውስጥ ነው። የክሮሚየም ኤሌክትሮድ ጭስ ደግሞ ይብሳል፤ የብየዳ ጭስን ኤጀንሲው ካንሰር ያመጣል ከሚላቸው ውስጥ መድቦታል። ሻሽ አፍ ላይ ጠምጥሞ መበየድ ጭምብል አይባልም።

በያጁ

ሻሹን ለእኔ ነው ያልከው መሰለኝ 😅 ገብቶኛል።

አንድ ነገር ግን ልመልስ። የቀጥቃጭ ልጅ ሽፋን ከሆነ አይታደስም ብሏል። በአንድ ጎን ብቻ ብንበይድስ? ከታች በኩል ቀጭን መስመር፣ ላይኛው ባዶ። ለስላሳው ጎን ቀድሞ ይበላል፤ ጠንካራው እንደ ስለት እየወጣ ይቀራል። የትራክተር ማረሻ ላይ ይሠራበታል። እንግዲያው ማሾል ራሱ ይቀንሳል።

የቀጥቃጭ ልጅ

ከታች ነው ከላይ? ማረሻ የሚበላው በየትኛው ጎን እንደሆነ መጀመሪያ ይታይ። አባቴ ጋ ያለቁ ማረሻዎች ተከምረዋል። መጥታችሁ አገላብጣችሁ ለኩ። እኔ እንደማየው ሥሩ በኩል ነው ጠፍጠፍ የሚለው፤ ግን ሁሉም ላይ አይደለም።

የጮቄዋ

እመጣለሁ። እንዲያውም የመጀመሪያው ምዕራፍ ይሄ ይሁን፤ ያለቀ ማረሻ ሰብስቦ ቅርጹን መለካት።

ላብራቶሪው ላይ እንዲህ አሰብኩ። አራት ዓይነት ናሙና፦ እንደተገኘ ባሌስትራ፣ ውሃ ጠጥቶ ገለባ ቀለም ላይ የተያዘ፣ ከሰል ውስጥ የቆየ ፌሮ፣ እና በክሮሚየም ካርባይድ የተበየደ። መሣሪያው ላስቲክ የለበሰ የሚሽከረከር የብረት ጎማ ነው፤ በናሙናውና በጎማው መሐል ደረቅ አሸዋ በቋሚ ፍጥነት ይፈስሳል። መስፈርቱ አስቲኤም ጂ65 (የመበላት መፈተሻ መስፈርት) ይባላል። ጭነቱ 130 ኒውተን፣ ዙሩ በደቂቃ 200፣ አሸዋው በደቂቃ ከ300 እስከ 400 ግራም። ቶርኖ ቤት ያሉ ሰዎች ከረዱኝ መሣሪያው እዚሁ ይሠራል። መስፈርቱ የሚያዘው የኳርትዝ አሸዋ ነው፤ እኔ ግን ሁለተኛ ዙር በተፈጨ ባዛልት እደግመዋለሁ። ውሃ የጠጣው ባሌስትራ ባዛልቱ ላይ ሽፋኑን ከተጠጋው፣ ጥናቱ ስለ ኤሌክትሮድ መሆኑ ይቀርና ስለ ቀጥቃጭ ቤት እሳት ይሆናል።

ጥልቅ ጉድጓድ

አሁን ጥናት ሆነ። ባዛልቱን ከክሬሸር ውሰጂ፤ ግን አጥበሽ አቧራውን አውጪ፤ ከ212 እስከ 300 ማይክሮን ባለው ወንፊት መሐል የቀረውን ብቻ ተጠቀሚ። አዲስ የተፈጨ ድንጋይ ጠርዙ ስለታም ነው፤ እርሻ ላይ የቆየው የተሞረደ ነው። ስለዚህ የእርሻውንም አፈር አጥበሽ አሸዋውን ለይተሽ ሦስተኛ ዙር አድርጊ።

መምህር ዘሞጣ

ውጤቱን በግራም እንዳታወዳድሪ። የጠፋውን ክብደት ለእያንዳንዱ በራሱ ጥግግት አካፍለሽ በኪዩቢክ ሚሊሜትር ጻፊው። ናሙናው ከመመዘኑ በፊት በአልኮል ይታጠብ፣ ይድረቅ። ቀጥቃጭ ቤት ስትሄጂ ደግሞ ማግኔት ያዢ። የቀላው ብረት ማግኔት አልይዝ ሲል 770 ዲግሪ አልፏል፤ የአባቱን ቀለም ከቁጥር ጋር የምታገናኚበት አንዱ መንገድ እሱ ነው።

ቶርኖ ቤት

ዘንጉንና የጎማውን ማዕከል እኔ እልጥልሻለሁ። ሞተሩን ፈልጊ። ዲያሜትሩ ስንት ነው?

የጮቄዋ

228.6 ሚሊሜትር። ጎማው ከነብረቱ። ስዕሉን ማታ በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ።